የግሪክን አፈ ታሪክ ለተውኔትና ለልብ ወለድ መገልገል፦ ለጸሐፍት የተዘጋጀ መመሪያ

ከግሪክ አፈ ታሪክ ተነሥቶ ተውኔት ወይም ልብ ወለድ ለመጻፍ የሚያስብ ሰው ብዕሩን ሲያነሣ ቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ፣ ፍጻሜው የታወቀ ታሪክ ተመልካችን እንዴት ሊይዝ ይችላል የሚለው ነው። ኤዲፐስ አባቱን ገድሎ እናቱን እንደሚያገባ፣ ትሮይ እንደምትቃጠል፣ ኦርፌዎስም ወደ ኋላው ዞሮ ሚስቱን ዳግመኛ እንደሚያጣ ብዙ ሰው ሰምቷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት የአቴንስ ጸሐፍተ ተውኔትም የተጋፈጡት ይህንኑ ነበር። በየጸደዩ ለወይን አምላክ ለዲዮኒሶስ ክብር በሚደረገው በዓል ሦስት ጸሐፍት እያንዳንዳቸው ሦስት ትራጄዲና አንድ የሳቲር ተውኔት (የቧልት ተውኔት) ይዘው ሲወዳደሩ፣ የሚያቀርቡት ታሪክ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከቀድሞ ተረኮች የተወረሰ ነበር። የሚዳኙትም የቆየውን ታሪክ እንዴት እንዳዋቀሩት ታይቶ ነው።

አርስቶትል ስለ ሥነ ግጥም በጻፈው ድርሳን ለዚህ ሥራ እስከ ዛሬ የሚያገለግል ደንብ ትቷል። የተወረሰውን ታሪክ ማፍረስ አይገባም፤ ክሊተምኔስትራ በልጇ በኦሬስቴስ እጅ መሞቷ መቅረት የለበትም፤ ጸሐፊው ግን የወረሰውን በብልሃት ሊጠቀምበትና ከራሱም ሊፈጥር ይገባዋል ይላል። ከዚህ የሚከተለው መመሪያ በሙሉ የዚህ ደንብ ማብራሪያ ነው ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም «ምን ሆነ?» የሚለው መልስ ከታወቀ ለጸሐፊው የሚቀሩት ጥያቄዎች «ለምን?»፣ «በማን ዓይን?»፣ «ከየት ተነሥቶ?» እና «በምን ዋጋ?» የሚሉት ናቸው።

ከመጻፍ በፊት ማንበብ

የግሪክ አፈ ታሪክ አንድ ወጥ መጽሐፍ የለውም። ይህን የማያውቅ ጸሐፊ አንድ አጭር ማጠቃለያ አንብቦ «ታሪኩ ይህ ነው» ብሎ ይነሣና ከእርሱ በፊት የነበሩትን አማራጮች ሁሉ ሳያያቸው ያልፋል። የኤዲፐስን ታሪክ እንውሰድ። በሶፎክልስ ተውኔት እናቱም ሚስቱም የሆነችው ዮካስታ እውነቱ እንደታወቀ ታንቃ ትሞታለች፣ ኤዲፐስም ዓይኑን ያጠፋል። በሆሜር ኦዲሴ ውስጥ ግን ይህችው ሴት ኤፒካስቴ ትባላለች፤ ታንቃ መሞቷ አለ፤ ኤዲፐስ ግን መከራውን እየተቀበለ በቴብስ ላይ መንገሡን ይቀጥላል፣ ዓይኑን ስለማጥፋቱም ምንም አልተነገረም። ዩሪፒደስ ደግሞ ስለ ፊንቄ ሴቶች በጻፈው ተውኔት ዮካስታን እስከ ልጆቿ ጦርነት ድረስ በሕይወት አቆይቷት፣ የሞተችው በሁለቱ ወንዶች ልጆቿ አስከሬን ላይ ራሷን ወግታ ነው። ወንጀሉ ከታወቀ በኋላም በዙፋኑ ላይ የሚቀመጥ ንጉሥና ከዚያ ሁሉ ውርደት በኋላ ልጆቿን ለማስታረቅ የምትደክም እናት ገና ብዙ ተውኔት የሚወጣቸው ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ለመረጡት አንድ ታሪክ ቢያንስ ሦስት ጥንታዊ ምንጮችን ያንብቡ። ንባቡን ከራሳቸው ከተውኔቶቹ ከኤስኪለስ፣ ከሶፎክልስና ከዩሪፒደስ፣ እንዲሁም ከሆሜር ቢጀምሩ ይመረጣል። በአፖሎዶሮስ ስም የሚታወቀው የአፈ ታሪክ ስብስብ የትውልድ ሐረግንና የድርጊት ቅደም ተከተልን ለማጣራት ይጠቅማል፤ ነፍስ ግን የለውም። ሮማዊው ኦቪድ በ15 መጻሕፍት ከፍሎ ያቀረበው የመለወጥ ታሪኮች ስብስብ እጅግ ማራኪ ቢሆንም፣ ዜውስን ጁፒተር፣ አቴናን ሚኔርቫ እያለ የሚጠራ፣ በአማልክቱም የሚያሾፍ የሌላ ዘመን ሥራ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ሁሉም የሚያውቀው» የተባለው ነገር በየትኛው ምንጭ ውስጥ እንዳለ ያረጋግጡ። የሆሜር ኢሊያድ የሚያበቃው በትሮያዊው ጀግና በሄክቶር ቀብር ነው፤ ትሮይ የተያዘችበት የእንጨቱ ፈረስ በውስጡ አይተረክም። የግሪኮቹ ጀግና የአኪሌስ ተረከዝ ብቻ ለሞት የተጋለጠ መሆኑም የሆሜር ቃል ሳይሆን በኋላ ዘመን የመጣ ታሪክ ነው።

ሲያነብቡ በሁሉም ምንጮች የሚገኘውን በአንድ ዓምድ፣ የሚለያዩበትን በሌላ ዓምድ ይመዝግቡ። የመጀመሪያው ዓምድ የታሪኩ ግንድ ነው፤ እርሱን የሚቆርጥ ጸሐፊ የሌላ ታሪክ ባለቤት ይሆናል። ሁለተኛው ዓምድ የእርስዎ የሥራ ቦታ ነው። ባሏ የከዳትን የመጻተኛይቱን የሜዴያን ታሪክ ብናይ፣ ዩሪፒደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ባቀረበው ተውኔት ልጆቿን የምትገድለው እናቲቱ ራሷ ናት፤ በሌላ ጥንታዊ ትውፊት ግን ልጆቹን የገደሉት የቆሮንቶስ ሰዎች ናቸው። ጀርመናዊቷ ደራሲ ክሪስታ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው ልብ ወለድ ይህን የተዘነጋ መንገድ ይዛ፣ ከተማዋ ወንጀሏን በመጻተኛይቱ ሴት ላይ እንዴት እንዳላከከች ጽፋለች። ዩሪፒደስ በዚያ ውድድር ሦስተኛ መውጣቱን በዚህ አጋጣሚ ማንሣት ለጀማሪ ጸሐፊ መጽናኛ ሳይሆን አይቀርም።

ሦስቱ ኤሌክትራዎች

አንድን ታሪክ እንዴት መለወጥ እንደሚቻል ለመማር ከሁሉ የበለጠው ትምህርት ቤት የኤሌክትራ ታሪክ ነው፤ ሦስቱም ታላላቅ ጸሐፍት በዚሁ ታሪክ ላይ የጻፉት ሥራ ሳይጠፋ ስለደረሰን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ይቻላል። ግንዱ ይህ ነው፦ አጋሜምኖን ከትሮይ ሲመለስ ሚስቱ ክሊተምኔስትራ ከውሽማዋ ከኤጊስቶስ ጋር ሆና ገድላዋለች፤ በስደት ያደገው ልጁ ኦሬስቴስ በድብቅ ይመለሳል፣ ከእኅቱ ከኤሌክትራ ጋር ይገናኛል፣ እናቱንና ኤጊስቶስን ይገድላል።

ኤስኪለስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 ባቀረበው ሦስት ክፍል ያለው ሥራ ውስጥ ኤሌክትራ ወንድሟ መምጣቱን የምታውቀው በአባቷ መቃብር ላይ ባገኘችው የፀጉር ቁራጭ፣ በእግር ዱካና በራሷ እጅ በተሸመነ ጨርቅ ነው። መተዋወቁ ቶሎ ያልቃል፤ ኤሌክትራም ከመድረኩ ወጥታ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ምክንያቱም ኤስኪለስን የሚያስጨንቀው የደም በቀል የት ላይ እንደሚቆም ነው። በሦስተኛው ክፍል ጉዳዩ አሬዮስፋጎስ በተባለው ችሎት ፊት ይቀርባል፣ ድምፁ እኩል ለእኩል ይሆናል፣ ኦሬስቴስም በአቴና ድምፅ ነጻ ይወጣል።

ሶፎክልስ መተዋወቁን ሆን ብሎ ያዘገየዋል። ኦሬስቴስ ራሱን ሰውሮ የራሱን አመድ የያዘ የተባለ የመቃብር ማሰሮ ይዞ ይመጣል፤ ኤሌክትራ ማሰሮውን ታቅፋ ለሞተው ወንድሟ ስታለቅስ፣ ያ ወንድም ፊቷ ቆሞ ይሰማል። ከዚያ በፊት እኅቷ ክሪሶቴሚስ የፀጉሩን ምልክት አግኝታ በደስታ ብትመጣም ኤሌክትራ አላመነቻትም። ተመልካቹ እውነቱን ከመጀመሪያው ስለሚያውቅ ልቡ የሚሰቀለው በሚሆነው ነገር ሳይሆን መቼ እንደሚሆን በመጠበቅ ነው። አንድ ትዕይንት ብቻ መርጦ እስከ ወሰኑ መለጠጥ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ዩሪፒደስ በበኩሉ የኤስኪለስን ምልክቶች በአደባባይ ይመረምራቸዋል። የእርሱ ኤሌክትራ ከድኻ ገበሬ ጋር ተጋብታ በገጠር ጎጆ የምትኖር ምሬተኛ ሴት ናት። ሽማግሌው አሽከር ስለ ፀጉሩ፣ ስለ ዱካውና ስለ ጨርቁ ሲነግራት፣ የወንድና የሴት ፀጉር እንዴት ይመሳሰላል፣ የወንድምና የእኅት እግርስ እንዴት እኩል ይሆናል፣ በልጅነቱ የለበሰውን ልብስ አድጎ እንዴት ይለብሰዋል ብላ ትመልስለታለች። ኦሬስቴስ የሚታወቀው በቅንድቡ ላይ ባለች የልጅነት ጠባሳ ነው። እናታቸውን የሚያጠምዷት ኤሌክትራ ወለደች በሚል የሐሰት ወሬ ነው፤ ከግድያውም በኋላ ሁለቱም በጸጸት ይሰበራሉ። መጨረሻ ላይ የሚገለጠው አምላክ የሆነው የክሊተምኔስትራ ወንድም ካስቶር እንኳ ግድያውን ያዘዘው የአፖሎ ቃል ጥበብ እንዳልነበረው ይናገራል።

ከዚህ ንጽጽር ለራስዎ ሥራ የሚወሰዱ ውሳኔዎች አሉ፤ ዋናዋ ባለታሪክ ማን ናት፣ መተዋወቁ መጀመሪያ ላይ ይሁን ወይስ ዘግይቶ፣ ከግድያው በኋላ የሚመጣው ፍርድ ቤት ነው፣ ዝምታ ነው ወይስ ጸጸት የሚሉት። ማንን ቀድሞ መግደል እንኳ ትርጉም አለው። በሶፎክልስ እናት ቀድማ ትሞትና ኤጊስቶስ መጨረሻ ይሆናል፤ በሌሎቹ ሁለቱ ግን ኤጊስቶስ ይቀድምና የእናት መገደል የመጨረሻው ከባድ ነገር ሆኖ ይቀራል። የሰሜን አሜሪካው ዩጂን ኦኔል እ.ኤ.አ. በ1931 ይህንኑ ግንድ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ወደ ነበረ አንድ የኒው ኢንግላንድ ቤተሰብ ሲያሻግረው አማልክቱን አስወጥቶ እርግማኑን በቤተሰቡ ልብ ውስጥ አስቀመጠው። ዣን ፖል ሳርትር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1943 የጻፈው ኦሬስቴስ የሠራውን ሥራ የራሱ አድርጎ ይቀበላል፤ ለመጸጸት ግን እምቢ ይላል።

መነሻና ተናጋሪ

ጀማሪ ጸሐፊ ከአማልክት ልደት ጀምሮ ሁሉንም የመተረክ ፈተና ያድርበታል። ሆሜር ከአሥር ዓመቱ ጦርነት የወሰደው በአሥረኛው ዓመት የነበሩ ጥቂት ሳምንታትን ብቻ ነው። ሶፎክልስም ኤዲፐስን ሲያቀርበው ወንጀሉ ሁሉ ከዓመታት በፊት አልቋል፤ መድረኩ ላይ የሚታየው አንድ ቀን የሚፈጅ ምርመራ ነው፤ መርማሪው ራሱ ወንጀለኛ ይሆናል። ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር በአጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ይዘርዝሩና ገጸ ባሕርይዎ ውሳኔ የሚወስንበትን፣ ከዚያም ወዲያ መመለስ የማይችልበትን ቀን ይፈልጉ፤ ሥራዎን በተቻለ መጠን ለዚያ ቀን አቅርበው ይጀምሩ።

የቀረውን ማን ያውራው? ኤሌክትራን በምንም ዓይነት መቅድም ውስጥ ማብራራት አይገባም፤ አንቲጎኔንም እንዲሁ። ሶፎክልስ የኤዲፐስ ልጅ የሆነችውን የአንቲጎኔን ወንድሞች ሞትና አንደኛው እንዳይቀበር የከለከለውን የንጉሥ ክሬዮንን አዋጅ የሚያሳውቀን ሁለት እኅትማማቾች ጎሕ ሳይቀድ ሲጨቃጨቁ በማሳየት ነው፤ አንዷ ወንድሟን ልቅበር ትላለች፣ ሌላዋ ትፈራለች፣ እኛም በጭቅጭቃቸው መካከል የሚያስፈልገንን ሁሉ እንሰማለን። መረጃን በክርክር ውስጥ መደበቅ ዛሬም ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ነው፤ በተለይ ታሪኩን ፈጽሞ የማያውቅ ተመልካች ሊኖር ስለሚችል። አርስቶትልም የታወቁት ታሪኮች በእርግጥ የሚታወቁት በጥቂቶች ዘንድ ቢሆንም ሁሉንም እንደሚያስደስቱ ተናግሯል።

የትረካውን አንጻር መለወጥ ሌላው የቆየ መንገድ ነው። ዩሪፒደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ415 የትሮይን ጦርነት ያሳየው ለምርኮ ዕጣ በሚጣልባቸው ሴቶች ዓይን ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አቴናውያን የሜሎስን ደሴት ወንዶች ገድለው ሴቶችና ሕፃናቱን ለባርነት መሸጣቸውን ተመልካቹ ያውቅ ነበር። ማርጋሬት አትዉድ እ.ኤ.አ. በ2005 የኦዲሲየስን መመለስ በሚስቱ በፔኔሎፔና በተሰቀሉት አሥራ ሁለት አገልጋዮች አንደበት ተርካዋለች። ዝም የተባለችውን ሴት ማናገር ዛሬ የተለመደ መንገድ ሆኗል፤ በእኔ አስተያየት ብዙዎቹ ሥራዎች የሚደክሙት ተናጋሪዋን እንከን የለሽ ተበዳይ ስለሚያደርጓት ነው። ክሊተምኔስትራን ማናገር ከፈለጉ የልጇ የኢፊጌንያ መታረድ ያቆሰላት እናት መሆኗን ብቻ ሳይሆን ሥልጣን የጣማት ንግሥት መሆኗንም ይጻፉ። ኤስኪለስ ይህን አልፈራም።

የታወቀው ፍጻሜ ለምጸትም ያገለግላል። ኤዲፐስ የቀድሞውን ንጉሥ ገዳይ በሕዝብ ፊት ሲረግም የሚረግመው ራሱን ነው፤ ቃሉ ለእርሱ አንድ ትርጉም፣ ለተመልካቹ ሌላ ትርጉም አለው። ምልልስ ሲጽፉ እንዲህ ያሉ ሁለት ወገን ያላቸውን ዐረፍተ ነገሮች በጥንቃቄ ያስገቡ፤ ግን ቁጠባ ይኑርዎት፤ በየገጹ የሚደጋገም ምጸት ተመልካቹ ገጸ ባሕርዩን እንዲንቀው ያደርጋል።

አማልክቱ

የዘመኑ ጸሐፊ በጣም የሚቸገረው አማልክቱን ምን እንደሚያደርጋቸው ነው። በኢሊያድ መጀመሪያ አኪሌስ በአጋሜምኖን ላይ ሰይፍ ሊመዝ ሲል አቴና ከኋላው መጥታ ፀጉሩን ትይዘዋለች፤ ከእርሱ በቀር ማንም አያያትም። ነገሩን የአምላክ ሥራ ማለት ይቻላል፤ አኪሌስ ራሱን ገታ ማለትም ይቻላል፤ ሆሜር ሁለቱንም አንድ ላይ ይዟል። አማልክትን በመድረክ ላይ ማቆየት የሚፈልግ ጸሐፊ ከዚህ ይማር፦ የአምላኩ መምጣት ሰውየውን ከኃላፊነት ነጻ አያወጣውም።

አማልክቱን ማውጣት የሚፈልግ ግን አስቀድሞ የእያንዳንዱን ሥራ ይጠይቅ። አርጤምስ የተባለችው አምላክ ወደ ትሮይ የሚሄዱት መርከቦች በተሰበሰቡበት በአውሊስ ነፋሱን ባትከለክል የአጋሜምኖን ልጅ ኢፊጌንያ አትሠዋም፤ ስለዚህ አርጤምስን ያወጣ ጸሐፊ አንድ ሠራዊት እንዳይንቀሳቀስ የሚያግድ፣ ሊደራደሩበት የማይቻል፣ ዋጋውም የአንድ ልጅ ሕይወት የሆነ ሌላ ኃይል ሊያገኝ ግድ ነው። ጦር ሠራዊቱ ራሱ፣ የሕዝብ ግፊት፣ የቃል ኪዳን ማሰሪያ ሊሆን ይችላል። ይህን ያህል የሚከብድ ነገር ካልተገኘ አርጤምስን ባለችበት መተው ይሻላል።

ችግሩን ለመፍታት መጨረሻ ላይ አምላክ ከላይ ማውረድ ግን ጥንትም ያስነቅፍ ነበር። አርስቶትል ሜዴያ በፀሐይ አምላክ ሠረገላ ማምለጧን ተችቷል። በዚህ ላይ ከፈላስፋው ጋር አልስማማም፤ ሁሉም ሲያዝንላት የቆየችው ሴት የልጆቿን አስከሬን ይዛ ማንም በማይደርስባት ከፍታ ላይ ስትቆም ተመልካቹ ያን ያህል ጊዜ ያዘነው ለማን እንደነበር ራሱን ይጠይቃል።

ወደ ሌላ ዘመንና አገር ማሻገር

ታሪኩን ወደ ሌላ ቦታ የሚያሻግር ጸሐፊ ስሞችን ከመቀየር አይጀምር፤ የግጭቱን አቻ ይፈልግ። በአንቲጎኔ ታሪክ ውስጥ ሊገኝ የሚገባው ነገር፣ ሥልጣን እንዳይፈጸም የከለከለውና ኅሊና ሊተወው የማይችለው አንድ ግዴታ ነው። ናይጄሪያዊው ኦላ ሮቲሚ እ.ኤ.አ. በ1968 ኤዲፐስን ወደ ዮሩባ ምድር ሲወስደው የትንቢትና የዕጣ ፈንታ እምነቱ በዚያ ምድር የራሱ ሥር ስለነበረው ታሪኩ ባዕድ አልሆነም። በደቡብ አፍሪካ አቶል ፉጋርድ ከጆን ካኒና ከዊንስተን ንትሾና ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረቡት ተውኔት ደግሞ ሌላ መንገድ ይዟል። በሮበን ደሴት እስር ቤት ያሉ ሁለት እስረኞች አንቲጎኔን ለእስር ቤቱ ዝግጅት ያጠናሉ፤ የሴቲቱን ቦታ የሚጫወተው ሰው የሴት ፀጉር አድርጎ መሳቂያ መሆንን ይጸየፋል፤ መጨረሻ ላይ ግን የአንቲጎኔ ቃል የራሱ ቃል ይሆናል። እዚህ ጥንታዊው ታሪክ አልተሻገረም፣ እንዳለ ሆኖ በአዲሱ ታሪክ ውስጥ ይሠራል።

በአንቲጎኔ ታሪክ ላይ ከሚፈጸሙት ስሕተቶች ትልቁ ክሬዮንን ተራ አምባገነን ማድረግ ነው። ዣን አኑይ እ.ኤ.አ. በ1944 በጀርመን ጦር በተያዘችው ፓሪስ ባቀረበው ተውኔት ለክሬዮን ጠንካራ መከራከሪያ ሰጥቶታል፤ አገር ማስተዳደር እጅን ሳያቆሽሹ አይሆንም የሚለው ሰው ሊያሳምን የሚችል ነው። የተቃራኒውን ወገን ንግግር ሲጽፉ እርሱ እንዲረታ ፈልገው ይጻፉት፤ ከዚያ አንቲጎኔ ትመልስ።

በልብ ወለድ ውስጥ አፈ ታሪኩ ተሰውሮ ሊቀመጥም ይችላል። ጄምስ ጆይስ እ.ኤ.አ. በ1922 ያሳተመው «ዩሊሲስ» የተባለው ልብ ወለድ በደብሊን ከተማ የሚውል የአንድ ቀን ታሪክ ነው፤ ኦዲሲየስን በግልጽ የሚያስታውሰው የእርሱ የላቲን ስም የሆነው ርእሱ ነው፤ የቀረውን ትይዩነት አንባቢው ይደርስበታል። ለአጭር ጠቃሽ ዘይቤ ግን ድንጋይ የሚገፋው ሲሲፈስና ክንፉ የቀለጠው ኢካሩስ ከመደጋገማቸው የተነሣ ደንዝዘዋል። የኢሊያድን የመጨረሻ መጽሐፍ ይመልከቱ፦ አኪሌስ የልጁን የሄክቶርን አስከሬን ሊለምን የመጣውን የትሮይ ንጉሥ ፕሪያምን እህል እንዲቀምስ ሲያግባባው፣ ልጆቿን ሁሉ ያጣችው ኒዮቤ እንኳ ማልቀስ ሲያደክማት መብላቷን ያስታውሰዋል። ጥቅሱ ሐዘንተኛውን ማዕድ ላይ ለማስቀመጥ ስለሚያገለግል ጌጥ ብቻ አይደለም። እርስዎም የሚጠቅሱት ስም በትዕይንቱ ውስጥ ሥራ ከሌለው ይሰርዙት።

ለመድረክ ሲዘጋጅ

የጥንቱ ትራጄዲ በሦስት ተዋንያን ይሠራ ነበር፤ ሦስተኛውን የጨመረው ሶፎክልስ መሆኑን አርስቶትል ይነግረናል። ጭምብል እየቀየሩ ሁሉንም ገጸ ባሕርያት ይጫወቱ ነበር። የመጀመሪያ ረቂቅዎን በዚሁ ገደብ፣ በሦስት ተዋንያንና በአንድ ቦታ ይሞክሩት፤ የማያስፈልጉ ሰዎች ራሳቸውን ይገልጣሉ።

መጀመሪያ አሥራ ሁለት፣ በኋላም አሥራ አምስት አባላት የነበሩት ኮረስ፣ ማለትም በኅብረት የሚዘምረው ቡድን፣ ዛሬ ከባድ ሸክም ነው። አንድ ጎረቤት ወይም አንድ ዘብ ሊተካው ይችላል፤ በኅብረት የሚናገር ቡድን ማቆየትም ይቻላል። የሚያወላዳ ውሳኔ ግን አይሠራም፤ ኮረሱ የሚፈራው ወይም የሚያጣው ነገር ከሌለ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ግድያን በሚመለከት የጥንቶቹን መንገድ መከተል እመክራለሁ። ዮካስታ ስትሞት፣ ኤዲፐስም ዓይኑን ሲወጋ አናይም፤ መልእክተኛ ወጥቶ የበሩን መከፈት፣ ገመዱን፣ ከልብሷ የተነቀሉትን የወርቅ መርፌዎች አንድ በአንድ ይነግረናል። መልእክተኛዎ ያየውን ነገር በዝርዝር ይናገር፤ የተሰማውን ስሜት ለተዋናዩ ይተውለት።

ረቂቁ ሲያልቅ የግሪክ ስሞችን ሁሉ አውጥተው በተራ ስሞች ተክተው ያንብቡት፤ ግጭቱ በዚያ ከቆመ ሥራው ቆሟል። ከዚያም ታሪኩን ለሚያውቅ አንድ አንባቢና ፈጽሞ ለማያውቅ ሌላ አንባቢ ይስጡት። ለመጀመሪያው ያልጠበቀው ነገር የት ላይ እንደገጠመው፣ ለሁለተኛው ደግሞ ነገሩ የጠፋበት የት ላይ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ሁለቱን አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ አይጠቅምም። የስሞችን አጻጻፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ያድርጉ። መድረክ ላይ ከማቅረብዎ ወይም ከማሳተምዎ በፊት የባለመብትነት ጉዳይንም ያጣሩ፤ የሶፎክልስና የዩሪፒደስ ታሪክ የማንም ንብረት ባይሆንም፣ የዘመኑ ተርጓሚዎች ቃልና የቅርብ ጊዜ ጸሐፍት የጨመሩት ትዕይንት በአብዛኞቹ አገሮች ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ፣ ከእነርሱ ቃል በቃል የወሰዱት ነገር ካለ ፈቃድ መጠየቅ ወይም ራስዎ እንደገና መጻፍ ይኖርብዎታል።